የሲስተር ለተሥላሴ ደብዳቤ

ሲስተር ለተሥላሴ ከወልዲያ ተዛውራ ጅጅጋ የገባችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥና የልብ አልትራሳውንድ ማንሳት ተምራለች። በተመደበችበት ሆስፒታል ያንን መሣሪያ እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ "ሲስተር ታንሳው" ይሉ ነበር። ይህን መስማት ደስ ይላታል።

ዶክተር ሀምዲያ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ሦስተኛ ዲግሪዋን ውጭ አገር ጨርሳ መመለሷ ነበር። ስለ ልብ ያላነበበችው የለም። የመሣሪያውን መዳሰሻ፣ ፕሮቡን፣ ታማሚው ደረት ላይ ስታሳርፍ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ሆነ።

"አባዮ፣ አሳዪኝ" አለቻት። በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው።

ለተሥላሴ እጇን በእጇ ላይ ደርባ አሳየቻት። "አትጫኚው። በጎድን አጥንቶቹ መሐል ግቢ። አሁን ቀስ ብለሽ አዙሪ... አየሽ?" ልቡ ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ታየ።

በዚያው ዓመት ሁለቱ በየሳምንቱ ሚኒባስ እየያዙ ቀብሪበያ ወረዱ፤ የተማሪዎችን ልብ ለማየት። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሽ በሽታ አለ፤ የሚፈልጉት እሱን ነበር። ከስድስት መቶ ልጆች ጥርት ያሉትን ምስሎች ያነሳችው አብዛኛውን ለተሥላሴ ናት። አንድ ቀን ዐርዶ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሩጫ እያለከለከች መጣች። የልቧ ቫልቭ መወፈር ጀምሯል። ሀምዲያ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

"ምንም አላመማትም እኮ። መቼ ጀመራት? ያለ ሕመም ስንት ዓመት ትቆያለች?"

ለተሥላሴ ለምርመራ የተቀባውን ጄል ከልጅቷ ደረት ጠርጋ "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች።

በ2015 ወሬው መጣ። ሀምዲያ በልብና ደም ሥር ምስል የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ሥልጠና አግኝታ ለሁለት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ ነው። ሆስፒታሉ ኬክ አስቆረሰ። ለተሥላሴም አጨበጨበች፤ ኬኩን ግን ሳትቀምስ አስቀመጠችው። ቤቷ ገብታ ለባሏ ለሰይፈ ነገረችው። መምህር ነው።

"አንቺም አመልክተሽ ነበር?"

"ዶክትሬት ሳይኖረኝ ምን ብዬ?"

"ታዲያ ምኑ ነው ያናደደሽ?"

"እጇን ይዤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!" ብላ ከማዕድ ተነሳች።

ከዚያ ወዲያ ሀምዲያ ስትስቅ ሳቋ፣ ስልክ ስታወራ እንግሊዝኛዋ፣ ሁሉ ነገሯ ያቃጥላት ጀመር። አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ እንደወጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ሀምዲያን ደቡብ አፍሪካ ለሚያሠለጥናት ፕሮፌሰር ኢሜይል ጻፈች። "የቀብሪበያን ምስሎች ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዶክተር ሀምዲያ የራሷ ሥራ አድርጋ ሳታቀርባቸው አልቀረችም።" የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን አታውቅም፤ እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ላከችው። ሁለት ቀን ቀለል አላት፤ በሦስተኛው ቀን ግን የላከችውን ከፍታ ደጋግማ ታነበው ጀመር።

መልሱ በሳምንቱ ደረሰ። "ክብርት ሲስተር፣ ምስሎቹን ያነሱት እርስዎ መሆንዎን ማመልከቻው የመጀመሪያ ገጹ ላይ ይገልጻል። እሷን የመረጥናት ለምስሎቹ ብለን አይደለም፤ በጥያቄዋ ነው። ሕመም የማይሰማቸው ልጆች ልብ መቼ መጎዳት እንደሚጀምር ጠይቃለች።" ግልባጩ ለሀምዲያም ተልኳል።

ሀምዲያ አልትራሳውንድ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። አልጮኸችም።

"ብትጠይቂኝ ማመልከቻውን አሳይሽ ነበር።"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

"ቀናሁ ብለሽ።"

ለተሥላሴ ቀና ብላ አየቻት። "ቀናሁ። አሁንም እየቀናሁ ነው።"

"እኔም በእጅሽ እቀናለሁ። ግን ደብዳቤ አልጻፍኩብሽም።"

በወሩ ሄደች። ለተሥላሴ ልትሸኛት አልወጣችም። በዚያ ሁለት ዓመት ከሀምዲያ የመጣላት መልእክት "ሲስተር" ብሎ የሚጀምር፣ ስለ ሥራ ብቻ የሚያወራ ነበር። ስለ ቀብሪበያ ልጆች የተሠራው የምርምር ጽሑፍ ሲታተም ለተሥላሴ ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር ስሟን አራተኛ ላይ አገኘችው። መጀመሪያ ያየችው ግን አንደኛ ማን እንዳለ ነው።

የፕሮፌሰሩ መልስ ከውስጧ አልወጣም። እኔስ ጥያቄ የለኝም? እያለች ታስብ ነበር። ልባቸው የባሰ እንዳይጎዳ በየወሩ መርፌ ከታዘዘላቸው የቀብሪበያ ልጆች ግማሾቹ መምጣት አቁመዋል፤ ዐርዶም አንዷ ናት። አባቷ የከብት ነጋዴ ስለሆነ ቤተሰቡ ደገሀቡር ወርዷል አሏት። ፈቃድ ወስዳ ሄደች፤ ጠይቃ ጠይቃ ልጅቷን አገኘቻት። መርፌው በከተማው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ ለእናትየው የነገራት ሰው አልነበረም። ለተሥላሴ ልጅቷን ይዛ ሄዳ አስመዘገበቻት። በመመለሻዋ መኪና ውስጥ "የሚጠፉት የት ነው? ማንስ ይከተላቸዋል?" ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሀምዲያ በ2017 ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። ለተሥላሴ ከዚያ ጥያቄ ተነስታ ለሁለተኛ ዲግሪ ያዘጋጀችውን የምርምር ሐሳብ ወስዳ ሰጠቻት። ሀምዲያ ቆማ አነበበችው፤ እስክሪብቶ አውጥታ ሁለት ቃል ሰረዘች።

"ጥሩ ጥያቄ ነው። አስገቢው።"

ለተሥላሴ ወረቀቱን ተቀብላ ኮሪደሩ ላይ እንደገና አነበበችው። ሁለቱ ቃላት በእርግጥም ትርፍ ነበሩ። እንዴት ወዲያው ታዩዋት? ብላ ቀናች። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ወደ ምዝገባ ክፍሉ ሄደች።