እማዬ የዘለለችው ቃል

ዛሬ ጠዋት እማዬ «አባታችን ሆይ»ን አንድም ቃል ሳትዘል ጨረሰችው። ደነገጥኩ።

በደርግ ጊዜ ቡሬ አጠገብ ካለው ቤታችን ወንድሜን ለጦር ሜዳ ሊያፍሱት መጡ። አባቴ በሩን ዘጋባቸው። ጎረቤታችን የነበረው ታጣቂ በጠመንጃ ሰደፍ ጥርሱን አረገፈው፤ ወንድሜን በአባቱ ደም ላይ እየጎተቱ ወሰዱት። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ በየማለዳው ቆማ ስትጸልይ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን ትዘለው ነበር።

እኔም ጸሎቱን ከእሷ ነውና የተማርኩት፣ የኔታ ፊት ጎደሎውን ደግሜ ተገርፌበታለሁ።

ትናንት ያ ታጣቂ ተቀበረ። እማዬ ቀብሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

«እስከ ዛሬ ለምን ዘለልሽው?» አልኳት።

«እግዜር ፊት እንዳልዋሽ ነዋ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልዋሸሁም።»

እናንተ ቤት የሚዘለለው ቃል የትኛው ነው?