ለልምምድ የተሰጠች ልጅ

ንጋት፣ ጎንደር

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱን ጫንን። መጋረጃ፣ ጄኔሬተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ የቤት በር፣ በመጨረሻም እኔ። የምሠራው ለልጆች ቲያትርና ሥዕል በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ «የመድረክ ዝግጅት ረዳት» ይባላል፤ በቀላል አማርኛ ተሸካሚ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዮናስ ጋቢና ገብተዋል። ጥበብ ከፊት ትሄዳለች፣ ጄኔሬተርና እኔ ከኋላ። ሾፌራችን ጋሽ ሲሳይ ደባርቅ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቀ፤ አማተበና ሞተሩን አስነሣ።

ዛሬ ከሰዓት ከደባርቅ ወዲያ፣ በሳንቃ በር መንገድ ላይ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያወግዝ ድራማ እናሳያለን። ታሪኩ አጭር ነው፤ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ አባት ይሰጣል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ መምህርቷ ደርሳ ታስጥላታለች። አቶ ዮናስ «ማኅበረሰቡ ይሳተፍ» ስላሉ ሽማግሌዎቹን የሚጫወቱት የቀበሌው ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው። የሙሽራዋን አባት የሚጫወተውም ሙሽራ የምትሆነው ተማሪ የገዛ አባት ነው። ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ከየቤታቸው ይዘው ስለሚመጡ እኔም ዕቃ ቀለለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረፋድ፣ ዳባት

አምባ ጊዮርጊስን በጉም አልፈን ዳባት ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በአህያና በገብስ ጆንያ ተጨናንቋል። ፉል አዘን ዳቦውን ስንቆርስ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የትምህርት ቤቱን የቲያትር ክበብ የምትመራው መምህርት ፀሐይ ናት።

«ጉድ ፈልቷል» አለችኝ። «ውዴን ሊድሯት ነው።»

«ድራማው ላይ ነዋ!»

«ምነው ድራማው ላይ ብቻ በሆነ!»

ውዴ ሙሽራዋን የምትጫወት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ጠየቁ። አባቷ አያ ደመቀ እንደ ተጻፈለት «ሰጥቻለሁ» አለ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ቄስ፣ አባ ጥሩነህ፣ መረቁ። የውሸት ምርቃት ስለማያውቁ የሚያውቁትን እውነተኛውን መረቁ። የሙሽራው አባት ሆኖ የሚጫወተው አያ ሙላት ደግሞ ከመጀመሪያውም ለልጁ ሚስት ሲፈልግ የከረመ ሰው ነው። በማግሥቱ «በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ነው» ብሎ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ማስወቀጥ ጀመረ። አያ ደመቀ «ጨዋታ ነበር» ቢል ቃሉን የበላ ሰው ሊባል ነው። ውዴ ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባችም።

አቶ ዮናስ ሲሰሙ አልደነገጡም። «ይኼ የሚያሳየው ድራማው ምን ያህል እውነተኛ እንደሆነ ነው» አሉና ፉላቸውን ጨረሱ። እኔ ግን አልበላ አለኝ፤ ለልጅቷ ፈራሁላት።

ቀትር፣ ደባርቅ

ደባርቅ እንደ ልማዷ ነፋሻ ናት። ነጭ ሽንኩርት መንገድ ዳር ተዘርግቷል፣ አስጎብኚዎች ቱሪስት እየጠበቁ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ባለ በቅሎ ጭነታችንን አይቶ ተጠጋኝ።

«ወደ ጨነቅ ካምፕ ናችሁ? በቅሎ ላምጣ?»

«የለም፣ ቲያትር ይዘን ነው።»

«እሱንም ትጭናለች።»

አባ ጥሩነህ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከተማ ገብተው ስለነበር ከዚያ አሳፈርናቸው። ከኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጡ።

«አባ፣ ያ እኮ ጨዋታ ነበር» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ስመርቅ አልተጫወትሁም።»

«ታዲያ አይመለስም?»

«እንዴት አይመለስ! በሽማግሌ ፊት የተባለ በሽማግሌ ፊት ይመለሳል። ግን አባትየው ይበለዋ! ተሰብሰቡልኝ ብሎ እኛን ለመጥራት አፍሮ ቤቱ ተቀምጧል።»

ከሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ

አገሩ ሁሉ ወጥቷል። መጋረጃውን በሁለት ባሕር ዛፎች መሐል ወጥሬ ገመዱን ይዤ ከጀርባ ቆምሁ። ውዴ የሙሽራ ካባ ለብሳ ከጎኔ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ዛሬም ሰጥቻለሁ ካለ አለቀልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሽማግሌዎቹ አያ ሙላትን አስከትለው ገቡ። «ተቀመጡ» አላቸው አያ ደመቀ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባ ጥሩነህ፤ ጉዳዩንም ተናገሩ። አቶ ዮናስ አያ ደመቀ ቃሉን የረሳ መስሏቸው ከመጋረጃው ጀርባ «ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ!» ይሉታል። አያ ደመቀ ጋቢውን አስተካከለ።

«አልሰጥም» አለ። «ቅዳሜ ለት ሰጥቻለሁ ያልሁት በል ተብዬ ነው። አሁን በእናንተው ፊት፣ በአገሩ ፊት ቃሌን አንሥቻለሁ። አያ ሙላት፣ ይቅር በለኝ። ልጄ ትማር።»

አያ ሙላት መሬቱን በከዘራው ሲጭር ቆየና «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ።

«በፊታችን የተባለው በፊታችን ተመለሰ» አሉ አባ ጥሩነህ፤ መርቀውም ተቀመጡ። እልልታው ቀለጠ። ውዴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች፤ የምታለቅስበት ክፍል ግን ገና አልደረሰም ነበር። አዳኟ መምህርትም አልገባችም፣ ትርኢቱን ለሪፖርታችን የሚቀርጸው ባልደረባችንም ካሜራውን አስተካክሎ አልጨረሰም።

«ዝጋው!» አሉኝ አቶ ዮናስ። ዘጋሁት። አያ ደመቀን ከመጋረጃው ጀርባ ጠርተው ከመጀመሪያው እንዲደግሙትና እንደ ተጻፈው «ሰጥቻለሁ» እንዲል ለመኑት፤ ለካሜራው ብቻ።

«ጌታዬ፣ ያለችኝ ሴት ልጅ አንዲት ናት» አላቸው።

ወደ ማታ፣ መልስ

ጭነን ስናበቃ አቶ ዮናስ ለሪፖርቱ የሚሆነውን ነገሩኝ። «ትርኢቱ በመሐል ስለተቋረጠ መልእክቱ ለማኅበረሰቡ ሳይደርስ ቀርቷል።» ጋሽ ሲሳይ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ውዴ እየሮጠች መጥታ ካባውን አጣጥፋ በመስኮት አቀበለችኝ።

«ለሚቀጥለው ጊዜ አንቺው ዘንድ ይቀመጥ» አሏት አቶ ዮናስ።

«አይ ጋሼ፣ ይኼ እቤት ካደረ አባቴ አይተኛም።»

ካባውን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ ጎንደር ገባን።