ያልታሰረው ጫፍ

የያዙኝ ችካል ስነቅል ነው። ከቦሌ በስተምሥራቅ፣ እርሻችን ላይ ቀያሾች የተከሉትን ችካል። ጣቢያ ወስደው ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነበር፤ እርጥብ ሲሚንቶ። በበሩ ሥር ውሃ ይገባል። አውሮፕላን ሲያርፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

ቀድመውኝ የታሰሩት ሴቶች ለእድሜዬ ብለው ደረቁን ጥግ ሰጡኝ። በሩ ሥር የምትተኛው መጨረሻ የገባችው ናት፤ የክፍሉ ደንብ ነው። ከእኔ ቀጥላ የመጣችው ሆዷ የገፋ ልጅ ነበረች። እሷም የታሰረችው በመሬት ጉዳይ ነው፤ ስብሰባ ላይ ተናግራ።

"ነይ እንቀያየር" አልኳት።

"ኧረ በማርያም! እርስዎን አስነስቼ እኔ ልተኛ?"

ምንጣፍ ጠየቅን፣ የለም ተባለ። ክፍሉ ውስጥ የተረፈ ነገር ቢኖር ስንቅ የሚመጣበት ፌስታል ነው። ድሮ ስፌት እሰፋ ነበርና ፌስታሉን እያየሁ ዋልኩ። ከዚህ ሰው የሚያስተኛ ነገር ይወጣል ብዬ ለመናገር ግን ፈራሁ። በማግስቱ ዝም ብዬ መቅደድ ጀመርኩ።

እንደ ሰፌድ ከመሃል ጀምሬ ላዞረው ብል እየተንሸራተተ ፈረሰብኝ።

"እማማ፣ ፌስታል እኮ ነው፣ ሰንደዶ አይደለም" አለች አትላስ አካባቢ ቡቲክ ያላት አንዷ እስረኛ። "ወይስ ቦሌ ላይ ሱቅ ሊከፍቱ አስበዋል?"

ሁሉም ሳቁ። ፈታሁትና እንደ ጸጉር ጎነጎንኩት። ያዘ። ያን ቀን የሠራሁት ከክንዴ አይረዝምም። ከዚያ በኋላ ስለ ምንጣፉ ማሰብ ተውኩ። የዛሬዋን ጉንጉን እሠራለሁ፣ ከትናንትናዋ ጋር አያይዛታለሁ፣ በቃ። ውሎ አድሮ ባለቡቲኳ "ይሄኛው ወፍራም ነው" ብላ ሰማያዊ ፌስታል ወረወረችልኝ። አጠገቤ ተቀምጣም መቅደድ ያዘች።

አንድ ጠዋት የመጨረሻዋን ጉንጉን እያያያዝኩ ሳለ ፖሊሱ በሩን ከፈተ።

"እማማ፣ ተፈትተዋል! ይውጡ!"

ጫፉ ገና አልታሰረም። እንዲሁ ብተወው እስከ ማታ ተተርትሮ ያልቃል፤ ቋጠሮውን ደግሞ ለማንም አላሳየሁም።

"ይሄ ሳይታሰር እኔ አልፈታም" አልኩት።

"አሁን ካልወጡ እዘጋዋለሁ።"

"ዝጋው። ስጨርስ አንኳኳለሁ።"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ፖሊሱ ሊስቅ ነው መሰል ፊቱን አዞረ፤ በሩን ግን አልዘጋም። ባለቡቲኳን ጠርቼ ቋጠሮውን ቀስ ብዬ አሳየኋት። ጎትቼ ሞከርኩት፣ ጠብቋል። ከበሩ ሥር አነጠፍኩት።

"ይሄ የማንም አይደለም" አልኩ። "የዚህ ቦታ ነው። እዚህ የተኛች ትተኛበት።"

ከዚያ ወጣሁ።

ዛሬ እርሻችን ላይ ፎቅ ቆሟል። ከላምበረት ስመለስ ታክሲው በዚያ በኩል ያልፋል፤ አንዳንዴ አያለሁ፣ አንዳንዴ አላይም። የልጅ ልጆቼ ፌስታል አጣጥፌ ስይዝ ይስቁብኛል። ያቺ ሆዷ የገፋው ልጅ የወለደችው ይኼኔ ትምህርት ቤት ገብቷል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። እናቱ ደረቅ ላይ መተኛቷን ግን አውቃለሁ።