«ውይ» ያለው ሙሽራ

ጅቡቲ የእረፍት ቀን ዓርብ ነው። እኛም ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ፓስተሩ ግን በፈረንሳይኛ «መልካም እሑድ» እያለ ይቀበለናል። መጀመሪያ ሰሞን «መልካም ዓርብ» ብዬ ተረጎምኩለት። የኋላ ወንበር ሴቶች «እሑድ እኮ ነው ያለው፣ እሷን ቃል እናውቃታለን» ብለው አፋጠጡኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ዓርብን እሑድ አልኩ።

አገልግሎቴ ይኸው ነበር። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል፤ አማርኛውን ከቤት፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት አገኘሁ። ጉባኤው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ ፓስተሩም የኮንጎ ሰው ነው። የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ ቪላዎች ውስጥ በሠራተኝነት የሚኖሩት የአገሬ ልጆች የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ይይዛሉ፣ እኔ መሃላቸው ገብቼ ስብከቱን በሹክሹክታ አቀብላቸዋለሁ።

ጣጣው የጀመረው ከትንፋሻችን ነው። እኛ «አዎ» ለማለት ቃል አያስፈልገንም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። ፓስተሩ «እግዚአብሔር ቸር ነው፣ አይደለም እንዴ?» ሲል የኋላው ወንበር በአንድነት ትንፋሹን ይስባል። ሰውዬው ሴቶቹ በሙቀት ታፍነው ሊወድቁ መሰለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ቬንትሌተሮች ከፊት ተነሥተው ወደ እኛ ዞሩ። ከፊት ያሉት ትልልቅ ሰዎች በመዝሙር ወረቀት ያራግባሉ፣ እኛ ነጠላችን እየበረረ እናመሰግናለን። ላስረዳው አስቤ ነበር። ግን የጅቡቲን ነሐሴ የሚያውቅ ሰው ቬንትሌተር በፈቃዱ አይመልስም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ጓደኛዬ፣ ልታገባ ሆነ። አንዲት ፈረንሳዊት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት። እጮኛዋ የማዳጋስካር ሰው ነው፣ ወደብ ላይ ክሬን ይጠግናል። የሚግባቡት ከገበያ በለቀሙት ሶማልኛና እሷ ማዳም ኩሽና ውስጥ በተማረችው ፈረንሳይኛ ነው። ሲጣሉ ግን በአማርኛ ነው የምትናገረው፤ ያኔ ሁሉም ይገባዋል። የሙሽራይቱ እናት ለሠርጉ ከድሬዳዋ በመኪና መጡ፤ አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ አዲሱ ገና ነበር። እኔ ከጎናቸው ሆኜ እንድተረጉም ታዘዝኩ።

የሠርጉ ቀን ፓስተሩ መጀመሪያ ሙሽራውን ትቀበላታለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈረንሳዮች አዎን «ዊ» ነው የሚሉት፤ ሙሽራው ግን ደረቱን ነፍቶ ጎተት ሲያደርገው እንደኛው «ውይ» ሆኖ ወጣ።

እናትየው ደነገጡ። «ምነው? ምን ነካው?»

«ምንም አልሆነም እማማ፤ በነሱ ቋንቋ አዎ ማለቱ ነው።»

«አዎ የሚል ሰው ውይ ይላል? ገና ሳይወስዳት ተጸጸተ እኮ።»

ድምፅ ዝቅ የማድረግ ልማድ የላቸውም። ሙሽራው ስለ እሱ እንደሚወራ ገባው፤ ሊያረጋጋቸው ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ውይ፣ ውይ፣ ውይ» አላቸው። በእኛ ቋንቋ ውይ እንዲህ ተደጋግሞ የሚባለው መርዶ ሲመጣ ነው። እናትየው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። እኔ ሳቄ እያመለጠኝ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ተራው የሙሽራይቱ ሆነ። ፓስተሩ «ይህን ሰው በገዛ ፈቃድሽ ባልሽ አድርገሽ ትቀበይዋለሽ?» አላት። ተረጎምኩ። ትንፋሿን ሳበች።

የፓስተሩ ፊት ተለወጠ። ደግሞ ጠየቃት። አሁን ጠንከር አድርጋ ሳበች፤ የኋላ ወንበሮቹም አብረዋት ሳቡ። ሰውዬው መጽሐፉን ዘጋና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ይህች ልጅ ፈርታለች። እናቷም ተቃውመዋል። እኔ ያለ ፈቃዷ የመጣች ሴት አላጋባም፤ ከአፏ ቃል ካልሰማሁ እዚሁ አቆማለሁ።» የሚቀልድ ሰው አይደለም። ቬንትሌተሮቹ እኛ ዘንድ ስለነበሩ ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል።

ሳቄ ጠፋ። የትንፋሹን ነገር ላስረዳው ስሞክር «ሳንባ» እና «አዎ» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብተው ጉዳዩን አባባሱት። ሐኪም ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። «እባክሽ በድምፅ ተናገሪ፣ ሠርግሽ ሊቀር ነው። ዊ በይው፣ ቃሉን ታውቂው የለ?»

«አልልም» አለችኝ።

«እናትሽን ፈርተሽ ነው?»

«እናቴን አይደለም። ዊ ለማዳም የምለው ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ ዊ ማዳም ስል ነው የምውለው። ዊ እስክል እንኳ ጠብቃኝ አታውቅም፤ አዝዛኝ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።» ፓስተሩን በአገጯ አሳየችኝ። «ይኼ ሰውዬ ግን ቆሞ ይጠብቀኛል። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎኝ አያውቅም።»

ፓስተሩ አፍ አፌን ያያል። እንደዚያ ቀን መተርጎም ከብዶኝ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ልበለው?» አልኳት።

«አንዴ ደግሞ ይጠይቀኝ በይው። በአማርኛ ነው የምመልሰው።»

ነገርኩት። መጽሐፉን እንደገና ከፈተና ቀስ ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን ወዲያው አልመለሰችም፤ ትንሽ አስጠበቀችው።