ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ዶይል ስታኪ ከተቀበረ በኋላ የሚስቱ የቨርሊን ማእድ ቤት በሰው ሳህን ተሞላ። ከተማችን ዴላፕ እንዲህ ናት፤ ሰው ሲሞት ምን ማለት እንዳለባት ስለማታውቅ ምግብ ተሸክማ ትመጣለች። በአይብ የተጋገረ ዶሮ መጣ፣ የታጨሰ የአሳማ ጭን መጣ፣ የሙዝ ፑዲንግማ ሦስት ቤት ተመካክሮ የላከው ይመስል በየተራ መጣ። ሁሉም ሳህን ሥሩ ላይ በፕላስተር የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። ምግቡ ሲያልቅ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፤ ነገር ግን ባዶውን አይመለስም። የጎረቤትን ሳህን ባዶውን የመለሰ ሰው በእኛ ከተማ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል።

ቨርሊን ከሱቅ ኬክ እየገዛች፣ እየቆረሰች መለሰች። በየሰው በረንዳ ቆማ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሰዎቹ እጇን ይዘው «አይዞሽ፣ እህት ቨርሊን» ሲሏት አይዞሽ የተባለችው ሌላ ሴት ትመስላት ነበር። ጠዋት ፊቷን ትታጠብና ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ሳታውቅ ትወጣለች። የሰውን ምግብ በልታዋለች፤ አንዱም ምን ምን እንደሚል አታስታውስም።

በመጨረሻ የቀረው የኔልዳ መጋገሪያ ሳህን ብቻ ነበር። ኔልዳ የዶይል ታላቅ እህት ናት። ባል አላገባችም፤ እርሻውንም፣ ከእርሻው ጀርባ ያለውን የቤተሰቡን መቃብርም ይዛ የቀረችው እሷ ናት። ሣሩን የምታሳጭደው፣ አጥሩን የምታስቀባው፣ ማን የት እንደሚተኛ የምትወስነው እሷው ናት። እሷን በሱቅ ኬክ መሸንገል አይቻልም። ለውሻዋ ትሰጠዋለች፤ ውሻዋ ደግሞ መራጭ ነው።

በሁለቱ መካከል የገባው ነገር ግን ከኬክ የከበደ ነው። በቀብሩ ዕለት ሰባኪው ወንድም ሃስኪንስ ጸሎቱን ሲያሳርግ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ዶይልን በወጉ የማያውቁት እንኳ፣ የመጣንበት አይቅር ብለው መሰለኝ፣ አለቀሱ። ቨርሊን አላለቀሰችም። ቆማ የድንኳኑን ካስማ ስታይ ነበር፤ አንደኛው ላልቶ ነበርና ይነቀል ይሆን ብላ ታስብ ነበር። ኔልዳ ይህን አየች። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና፣ ሁሉም ግን እንዲሰማ አድርጋ።

በዴላፕ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ሐውልቱ ላይ የሁለቱም ስም ይቀረጻል። ለሞተው የልደቱና የሞቱ ዘመን ይጻፍለታል፣ ለቀረው የልደቱ ብቻ፤ የሞቱ ዘመን ቦታ ባዶውን ይቆያል። ኔልዳ ግን ለሐውልት ሠሪው ለሮይስ የወንድሟን ስም ብቻ ሰጠችው። «የሷን ተወው፣ እናስብበታለን» አለችው። ሮይስ ለሚስቱ ነገራት፤ ለሚስቱ መንገር ደግሞ ለዴላፕ መንገር ነው።

ቨርሊን ልጅ የላትም። የገዛ ወገኖቿ ከሞቱና ከተበታተኑ ቆይተዋል። ዶይል አጠገብ ካልተቀበረች የት እንደምትቀበር የሚያውቅ ሰው የለም። ወሬውን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር። ምናልባት ኔልዳ ልክ ናት ብላ አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት የኖረ ሰው ሞቶ ምንም ካልተሰማት፣ ምናልባት ሳትወደው ኖራ ይሆናል። ይህን ሐሳብ ሳህን እያጠበች አሰበችው፤ ታጥቦ ሲያልቅም እንዳሰበችው ቆመች።

ምግብ መሥራት አትችልም። በዚያ ቤት የሚያበስለው ዶይል ነበር። እሷ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የፒክል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ኪያሩ በጨው፣ በኮምጣጤና በእንስላል ተዘፍዝፎ በጠርሙስ ሲያልፍ፣ ማሽኑ ያጎደለውን በእጇ እየጠቀጠቀች አረጀች። ሽታው ጥፍሯ ሥር ገባ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገባ። ደክሟት ቤት ስትደርስ ዶይል ራሱ ያዘጋጀውን ፒክል በአሬራና በበቆሎ ዱቄት ለውሶ በዘይት ይጠብሳል። አንዱን በሶፍት ይዞ ይመጣና «እስቲ ቅመሺልኝ» ይላታል።

«ዞር አድርግልኝ» ትለዋለች።

እሱ ይበላዋል። በሚቀጥለው ሳምንትም በሶፍት ይዞ ይመጣል። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልቀመሰችለትም። የልብ ሐኪሙ ዘይት ሲከለክለው በነፋስ የሚጠብሰውን ኤር ፍራየር ገዛ። «ይሄማ የፀጉር ማድረቂያ ነው» እያለ ሲሰድበው ቆይቶ፣ አንዴም ሳይጠብስበት ሞተ።

ምድር ቤት መደርደሪያው ላይ የሱ ፒክል በየጠርሙሱ ተደርድሯል። ቨርሊን ለኔልዳ መጋገሪያ የሚሆን ሌላ ነገር አልታይ አላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ከፈተች። ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠውን ኪያር ከነውሃው አውጥታ፣ ዶይል ሲያደርግ እንዳየችው በአሬራና በዱቄት ለውሳ የኤር ፍራየሩ ቅርጫት ውስጥ ከመረችውና ቁልፉን ተጫነች። የሽቦ በሩ ሲንቋቋ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ኔልዳ ሳታንኳኳ ገባች።

«መጋገሪያዬን ልወስድ መጣሁ» አለች። «የእናቴ ዕቃ ነው። ስኳር ድንቹን ብዪበት አልኩ እንጂ ውረሺው አላልኩም።»

«ልመልስልሽ ነበር።»

«መቼ? ሙታን ሲነሱ?» አለችና ከአፏ የወጣው ለራሷም ከበዳት መሰለኝ፣ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ምንድን ነው የሚያርረው?»

ቨርሊን ቅርጫቱን ሳበችው። ሊጡ ወደ ሥር ወርዶ እንደ ቂጣ ደርቋል። ከላዩ ኪያሮቹ ራቁታቸውን ተኝተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኔልዳ።

«የዶይል ፒክል።»

«ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ቀን ነበር የምቀብረው።»

«እሱ እንደሚያደርገው ነው ያደረግኩት።»

«እሱ በዘይት ነዋ የሚጠብሰው። የፈላ ዘይት ሊጡን ገና ሲያገኘው ቀጥ ያደርገዋል። ነፋስ ምን ይይዛል? ነፋስ ያራግፋል እንጂ። ደግሞ ኪያር ውሃ ያዝላል፤ ሳይደርቅ ምንም ነገር አይለብስም።»

«ለቀባሪው አረዱት» አለች ቨርሊን። «ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚያ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው? የተማርሽው ማሸግ ብቻ ነው።»

ኔልዳ ቦርሳዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። መጋገሪያዋን ብትወስድና ብትሄድ ይቀላት ነበር፤ ነገር ግን የተበላሸ ምግብ አይታ የማለፍ ተፈጥሮ የላትም። ሌላ ጠርሙስ አስከፈተች። ክቦቹን ሶፍት ላይ አስደረደረቻት፣ ከላይም ሶፍት አስደረበቻት።

«ተጫኚው። ጠንከር አድርገሽ። ሕፃን የምታስተኚ ነው እንዴ የሚመስለው?»

ቨርሊን ተጫነች። ሶፍቱ አረንጓዴ ሆነ። ለወጡትና እንደገና ተጫነች። ኔልዳ የደረቀ ዳቦ ፈርፍራ በጠብታ ዘይት መጥበሻ ላይ አመስ አደረገችው። «ነፋስ ብቻውን አያቀላውም» አለች። ከዚያ እያንዳንዱን ክብ መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ የተመታ እንቁላል፣ ቀጥሎ ፍርፋሪ አለበሱት። ሳይነካኩ ተኝተው እንዲደርቁ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ረድፍ ብቻ ዘረጉ።

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«ባለፈው ገና የቤተ ክርስቲያኑ ሴት ሁሉ ይሄን ዕቃ ገዛ። ያላሳረረ ሰው የለም። እያሳረርን ነው የተማርነው።»

ማሽኑ መንፋት ጀመረ። ሁለቱም እጃቸው ላይ ዱቄት እንዳለ ቆመው ጠበቁ። ኔልዳ የመጣችበትን ነገር ለመናገር የማሽኑን ድምፅ የፈለገች ይመስላል።

«አልሸፋፍንብሽም» አለች። «ሐውልቱ ላይ ስምሽን አላስገባሁም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ።»

«ምን ልበል?»

«ምን ልበል? ሌላ ሴት ብትሆን በር ድረስ መጥታ ፀጉሬን ትነጨው ነበር። አንቺ ኬክ ስታድዪ ትውያለሽ።»

ቨርሊን ጣቶቿ ላይ የደረቀውን ዱቄት አየች። «ሞክሬአለሁ» አለች። «ሰው በሌለበት፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞክሬአለሁ። ምናልባት ያስለቅሰኛል ብዬ ሸሚዙን አውጥቼ አሸተትኩት። አጥቤው ኖሮ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። አይመጣም፣ ኔልዳ። እዚህ ውስጥ ምንም የለም።» ዱቄት በነካው እጇ ደረቷን ነካ አደረገች።

«ትወጂው ነበር?»

«እኔም ራሴን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው።»

ኔልዳ ጥል ይዛ ነበር የመጣችው፤ የሚጣላት ግን አላገኘችም። ሰዓቱ ደርሶ ማሽኑ ሲጮህ ቅርጫቱን ሳበችና ክቦቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ዳር ዳራቸው ቀልቷል። መልሳ አስገባችው። ጥቂት ቆይተው ክቦቹ በሰሉ።

ቨርሊን የታጠበውን መጋገሪያ አምጥታ ክቦቹን ልትገለብጥበት ስትል ኔልዳ እጇን ያዘቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው? ይሄን ከድነሽ ልትሰጪኝ? እርሻው በር ሳልደርስ ይልፈሰፈሳል። ይሄ ቆመው የሚበሉት እንጂ ተሸክመው የሚሄዱት ምግብ አይደለም።»

እናም ቆመው በሉ። ኔልዳ ስትነክሰው ድምፁ እስከ በረንዳው ተሰማ። ቨርሊንም አንዱን አንስታ ነከሰች። ቅርፊቱ ተሰበረ፣ ውስጡ ትኩስ ነበር፣ ኮመጠጠ፣ ጨው በዛበት። ቀስ ብላ አላመጠችው። አንድ ነገር ይመጣ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም።

«እንዴት ነው?»

«አልወደድኩትም» አለች። «ያኔም ብቀምሰው አልወደውም ነበር።»

ኔልዳ አፍጥጣ አየቻትና ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ፣ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፣ ግንባሯ ዱቄት ሆነ። «ያ ሞኝ» አለች። «በየሳምንቱ እየደወለ ‹ዛሬም እምቢ አለችኝ› ይለኝ ነበር። ደስ ብሎት እኮ ነው። ‹ሰዉ ሁሉ ለይሉኝታ ሲል ጣፈጠኝ ይለኛል፤ የማትዋሸኝ እሷ ብቻ ናት› ይል ነበር።»

ቨርሊን ይህን አታውቅም ነበር።

ኔልዳ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «እንባውን አልጠይቅሽም ከእንግዲህ። ስምሽ ይግባ ወይስ አይግባ? አንቺው ንገሪኝ።»

«ይግባ።»

«እንግዲያው በግራው በኩል ነው። ስታኪዎች ሚስት የምናስተኛው በግራ ነው፣ ከአያቴ ጀምሮ።»

«በግራ አይሆንም።»

«ደንብ ነው እኮ፣ እህት ቨርሊን።»

«የግራ ጆሮው አይሰማም» አለች ቨርሊን። ድምፏ የቤት ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የምትናገር ሰው ድምፅ ነበር። «ይሠራበት የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ነው ያደነቆረው። በመኪና ብትዪ፣ በቤተ ክርስቲያን ብትዪ፣ አልጋ ላይ ብትዪ፣ ሁልጊዜ በቀኙ ነኝ። በግራው ካስተኛሽኝ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ሲለኝ ሊኖር ነው።»

ኔልዳ ቁልፉን ሳትነካ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። በዶይል ቀኝ ያለው ቦታ የራሷ ነው። ከወንድሟ አጠገብ ልተኛ ብላ ገና በቁሟ ድንጋይ አስተክላበታለች፤ ስሟና የልደቷ ዘመን ተቀርጾበት፣ የቀረውን ይጠብቃል። በየትንሣኤው አበባ የምታስቀምጥበት እሷው ናት። ቨርሊን ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የጠየቀችው።

ኔልዳ አንድ ክብ አንስታ እስክትጨርሰው አኘከች። ከዚያ ደወለች።

«ሮይስ፣ ኔልዳ ነኝ። የቨርሊንን ስም አስገባው። በቀኝ በኩል።» አዳመጠች። «የማን ድንጋይ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የኔው ነው። ነቅለህ ወደ ግራው ውሰደው።» እንደገና አዳመጠች። «አዎ፣ በማይሰማው በኩል። እኔ እንደሆንኩ በሚሰማውም በኩል ሆኜ ሰምቶኝ አያውቅም።»

ቨርሊን ወንበር ስባ ሰጠቻት።