በማላውቀው ቋንቋ ያነበብኩት ግጥም

ዛሬ አንድ ቃል እንኳ በማላውቀው ቋንቋ የተገጠመ ግጥም ለቶኪዮ በስልክ አነበብኩ።

ለኮሙኑ፣ ማለትም ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ከምረዳቸው አረጋውያን አንዷ እማማ ፉሚኮ ናቸው። ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጃፓናዊት ገጣሚ ናቸው፤ ሃይኩ የሚባለውን ባለ ሦስት መስመር ግጥም ሲጽፉ ነው ያረጁት። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን እጃቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ሐሳባቸውም ቶሎ እየጠፋባቸው፣ መጻፉን ትተውት ነበር።

ዛሬ ገላቸውን አጥቤ ስጨርስ ወገቤ ሊቆረጥ ስለደረሰ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ደከመሽ?" አሉኝ በኖርስክ፣ በኖርዌይኛ።

"አዎ፣ በጣም።"

"እኔም።"

ወደ መስኮቱ ዞር ብለው በጃፓንኛ የሆነ ነገር አሉና "ጻፊልኝ፣ ሳይጠፋብኝ" አሉኝ። ድምፁን እንደሰማሁት በፊደላችን ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

ወዲያው እህታቸው ከቶኪዮ ሲደውሉ እማማ ሊያሰሟቸው ፈለጉ፤ እውነትም ግጥሙ ጠፋባቸው። ስለዚህ እኔ ለእህትየው አነበብኩላቸው። (ትርጉሙን ሳያውቁ ማንበብ ደሴ ቁርአን ቤት የለመድኩት ነው።)

እህትየው ሲያለቅሱ ተሰማኝ።

"ምንድነው ያልኳቸው?" ብዬ እማማን ጠየቅኳቸው።

"ሁለት የደከሙ ሴቶች፣
መስኮቱ ላይ በረዶ ይቀልጣል፣
አንዳቸውም አልተነሱም።"

ቀጣዩ ቤት አርፍጄ ደረስኩ።

እናንተስ፣ ድካማችሁን ሳትናገሩ ያየላችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።