የበሩ ሥር አየር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ወታደሩ ከኋላዬ ገፋ አደረገኝና ቆለፈ። መስኮት የለም። ከበሩ ሥር ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች፤ ከእኛ ከእስረኞቹ መሃል የተሾመው የክፍሉ ካቦ ተራ እያወጣልን፣ በደረታችን ተኝተን በእሷ እንተነፍስ ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት አስም ያለባቸው የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። በየቀኑ አንድ ቃል ካላስተማሩን ደስ አይላቸውም።

"የዛሬው ሳሉብሪየስ ነው" አሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። "ለጤና የሚስማማ ማለት ነው፤ ለአየርና ለቦታ ይነገራል። ሥሩ ላቲን ነው፤ ሳሉስ፣ ጤና። ሮማውያን ሲገናኙ የሚባባሉት 'ሳልቬ'ም ከዚያው ዘር ነው፤ እንደኛው ጤና ይስጥልኝ።"

ንድድ አለኝ። "ጋሼ፣ አየሩ በሌለበት ቃሉ ምን ያደርግልናል?"

"የተቀማነውን ነገር ስሙን እንኳ እንወቀዋ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ አለቃ መጥቶ ክፍሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀን። መልሱ "ጥሩ ነው" መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ግን "ለጤና አይስማማም" አሉ። አለቃው እንደወጣ ክፍተቷ ከውጭ በጨርቅ ተወተፈች። ሁላችንም በጋሼ ላይ አጉረመረምን፤ እኔማ ብሼ።

ጠዋት ዘበኛው ሊቆጥረን በሩን ሲከፍት፣ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ይለምኑታል ብዬ ጠበቅሁ።

ጎንበስ ብለው፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉት።

የእግዜር ሰላምታ አይነፈግም። ዘበኛው እንዳደገበት እጅ ነሥቶ "ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ" አለ። ካለ በኋላ ቆም ብሎ አያቸው። በሩን ሲዘጋ ጨርቁን በእግሩ ስቦ ወሰደው። ካቦው የመጀመሪያውን ተራ ለጋሼ ሰጠ።

ጋሼ ክረምቱን አልዘለቁም።

አሁን ከአገር ወጥቼ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ በሻጋታ ከጠቆረ ከርሟል፤ የሕንፃውን ጥገና የያዘው ሱፐር በተደወለለት ቁጥር "ነገ" ይላል። ሰልችቶኛል። ትናንት ልጄን አስደወልኳት።

"ቤቱ ሳሉብሪየስ አይደለም በዪው።"

"ዳድ፣ ኖባዲ እንደዛ አይልም። ጀስት ሞልድ አለ ልበለው።"

"መጀመሪያ እንዴት አደርክ በዪው። ከዚያ ቃሉን እንዳለ ንገሪው።"

ነገረችው። አልገባውም መሰለኝ፣ ሻጋታውም ዛሬ እዚያው ነው። ቃሉን ግን በሌላ አልለውጠውም። ጋሼ እሱን ለማስተማር ስንት ትንፋሽ እንዳወጡበት አይቻለሁ።